ባዶ ወንበር አይጠየቅም

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፤ ዝም ያለውን የሚሰማ፣ የተናገረውን የሚመዝን አንድ አምላክ ይህን ደብተር ለሚገልጥ ሁሉ ሰላሙን ያድል።

ፌብሩዋሪ 15፣ እሑድ፣ የጾሙ ዋዜማ

ዶክተር ሱሚትራ ከአየር ኃይሉ የምርምር ተቋም ደወለችልኝ። በመሠራት ላይ ያለው አዲሱ ተዋጊ ጄት ለብቻው የሚበር አይደለም፤ አብራሪ የሌላቸው አራት ድሮኖች ይከተሉታል፣ ከእርሱ ትእዛዝ ይቀበላሉ፣ ከጄቱ ፈቃድ ካልተሰጣቸው አይተኩሱም። የቀረው ክርክር አንድ ነው፦ በጄቱ ውስጥ አብራሪው ብቻውን ይቀመጥ፣ ወይስ ድሮኖቹን የሚያዝ ሁለተኛ ሰው ከኋላው ይኑር? ይህን መርምሮ በሕማማት ሳምንት ውሳኔ የሚያቀርብ፣ እርስዋ የምትመራው ጉባኤ ተቋቁሟል። እኔም በአባልነት ተጠርቻለሁ።

ጥያቄው ለእኔ ተራ አይደለም። የጎልማሳነት ዘመኔን ያሳለፍሁት በተዋጊ ጄት የኋላ መቀመጫ፣ አቅጣጫ በመምራት ነው። የልጄ ልጅ፣ የበረራ መቶ አለቃ ሪንሲ፣ ዛሬ በዚያው መቀመጫ ትበራለች። አንድ መቀመጫ ይበቃል ከተባለ እርስዋን መሬት ላይ ወዳለ የድሮን ማዘዣ የብረት ሳጥን አስገብተው ከስክሪን ፊት ያስቀምጧታል፤ ሙያችንም ከእኔ ጋር አብሮ ይቀበራል።

በደስታ "እሺ" ካልሁ በኋላ ዶክተሯ ሌላውን አባል ነገረችኝ። ጡረተኛው አየር ማርሻል ቪክራንት ሳንጓን።

ከዚህ በላይ ዛሬ አልጽፍም። ባለቤቴ ኤልያማ ከማዕድ ቤት እየጠራችኝ ነው። ሰምቻታለሁ። ከትንሣኤ በፊት የምንበላው የመጨረሻው ዓሣ ነው፤ እንዳይቀዘቅዝ ፈርታ ነው።

ፌብሩዋሪ 16፣ ሰኞ

ሹብቆኖ፤ የይቅርታ ጸሎት። ግንባራችን ወለሉን እስኪነካ ሰገድን፤ ከዚያም እንደ ሥርዓቱ እያንዳንዱ በእያንዳንዱ ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ። መኪናውን ዘወትር በደጄ ላይ የሚያቆመውን ጎረቤቴን ቻኮን እንኳ ይቅር በለኝ አልሁት። አባታችን ኢሳክ በስብከታቸው፣ "እዚህ በሌለውም ሰው ፊት በልባችሁ ተንበርከኩ" አሉ።

ሳንጓን የእኛ ሃይማኖት ሰው አይደለም፤ ስለዚህ ሥርዓቱ እርሱን አይመለከትም ብዬ ፈረድሁ። ፍርዱ ከቀኖና ጋር የሚጋጭ አይመስለኝም።

ምክንያቴን ልጻፍ። በወጣትነታችን እርሱ የፊት ሰው፣ እኔ የኋላ ሰው ሆነን አብረን በረናል። አንድ ቀን በሂማላያ ላይ፣ በደመና ውስጥ ሳለን፣ ጭስ ሞላብን፤ በእርሱ ፊት ያሉት የበረራ ጠቋሚዎች ጠፉ። በሰላም የመለሰን እኔ አስልቼ የሰጠሁት አቅጣጫ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ በመኮንኖች ክበብ እራት ላይ ወጣቶቹ ስለዚያ ቀን ጠየቁት። እኔ ከዚያው ገበታ ተቀምጬ ሳለሁ፣ "ከዚያ ተራራ ብቻዬን ነው የወጣሁት" ብሎ መለሰ። ብቻዬን!

ከዚያ ወዲህ አላነጋገርሁትም። በየዓመቱ በትንሣኤ ጧት ይደውላል፤ ኤልያማ አንሥታ "ጸሎት ላይ ነው" ትለዋለች። እኔም ቃልዋ ውሸት እንዳይሆንባት ዳዊቴን እገልጣለሁ።

ፌብሩዋሪ 19፣ ሐሙስ

የመጀመሪያው ስብሰባ።

"ፓድሬ!" ብሎ ሳንጓን ከበሩ ጮኸ። ስጸልይ እያዩ ጓዶቼ ድሮ ያወጡልኝ ስም ነው፤ 'አባ' እንደ ማለት። "ኧረ አርጅተሃል! ጢሙ የት ሄደ?"

"እንደምን አሉ፣ ማርሻል ሳንጓን።"

"አሉ? እኔን ነው አንቱ የምትለኝ? የአንድ ካልሲ ግራና ቀኝ ተካፍለን አድርገን የለም እንዴ?"

ወንበሬን ስቤ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ክርክሩን ከፈተ። "እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። በአገሬ በሀርያና አንድ ሰው በአንድ ዱላ አራት የቤት ጎሽ ይነዳል። ለአራት ጎሽ ሁለት እረኛ አቁም፤ እረኞቹ ወሬ ይይዛሉ፣ ጎሾቹ የሰው ሰናፍጭ ይበላሉ። ሁለተኛው ወንበር ክብደት ነው። ክብደቱ ነዳጅ ይበላል፤ ነዳጁ ባነሰ ቁጥር ሩቅ አንደርስም። ድሮኖቹ ራሳቸው ማሰብ ጀምረዋል፤ ሞግዚት አይሹም።"

"ጎሽ ቦምብ አይሸከምም" አልሁ። "አንድ ሰው ጄቱን እያበረረ፣ ከሚሳይል እያመለጠ፣ በዚያው ቅጽበት አራት ጊዜ 'ግደል' ወይም 'አትግደል' ብሎ መፍረድ አይቻለውም። ከመሬት እንዘዛቸው ብትሉ ደግሞ ጠላት መጀመሪያ የሚያቋርጠው የሬዲዮ ግንኙነቱን ነው። ጠቢቡ ሰሎሞን 'አንድ ብቻውን ሆኖ በወደቀ ጊዜ የሚያነሣው ሁለተኛ የለውምና ወዮለት' ይላል።"

"ሰሎሞን? ባለ ሰባት መቶ ሚስቱ?" አለ ሳንጓን። "እሱማ ሁለት ወንበር አነሰኝ ነው የሚልህ!"

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። ዶክተር ሱሚትራም በሳሪዋ ጫፍ አፍዋን ሸፍና ሳቀች። የመጽሐፍን ቃል ለዋዛ በሰጠ ሰው ፊት የጸናሁበት ትዕግሥት ይቆጠርልኝ።

ፌብሩዋሪ 22፣ የለምጻሙ እሑድ

በቅዳሴ ላይ ሰላምታ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የሳንጓን ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ነበረ። የሩዝ ገንፎና ማሾ በላን። ኤልያማ ስለ ውኃ ቦቴው ሦስት ጊዜ እንደጠየቀችኝ ትናገራለች። መጀመሪያውኑ ሰምቻለሁ። ቦቴው ነገ እንደሚመጣ እርስዋም ታውቃለች።

ማርች 3፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ሙከራ ጄት መስሎ በተሠራው የበረራ ማስመሰያ ክፍል ተደረገ። የሙከራ አብራሪው ሻለቃ ናይዱ ብቻውን ተቀመጠ፤ አራት ድሮኖች ተሰጡት። ከጠላት ጋር ሲተናነቅ ሦስተኛውን ረሳው። ድሮኑ ትእዛዝ እየጠበቀ ነዳጁ እስኪያልቅ ሰማይ ላይ ዞረ፤ ከዚያ ወደቀ። ናይዱ ከማስመሰያው ሲወርድ ሸሚዙ በላብ ርሶ ነበር።

"አንድ ጎሽ ጠፋ" አለ ሳንጓን። "ገበሬው ግን ቤቱ ገብቷል።"

ደስ አለኝ። ደስታዬ ከጾም ጋር ይስማማ እንደሆነ አልመረመርሁም።

ማርች 9፣ ሰኞ

ለሁለተኛው ሙከራ ናይዱ ከፊት፣ ሪንሲ ከኋላ ሆነው ተመድበዋል። ስሟን ያቀረብሁት እኔ ነኝ፤ ብቃት ስላላት ነው። ከሻይ ማፍያው ዘንድ ሁለት መሐንዲሶች፣ "ሽማግሌው ለልጅ ልጁ ወንበር ሊያስቆርጥ ነው የመጣው" ሲባባሉ ሰማሁ። ስገባ ስለ ክሪኬት ማውራት ጀመሩ።

ማታ ሪንሲ እራት በላች። "አፓቻን፣ ምን ልጠንቀቅ?" አለችኝ፤ በእኛ ቤት አያት እንዲህ ይጠራል።

"የኋላ ሰው ወፍ አይደለም" አልኋት። "አቅጣጫውን አንድ ጊዜ ስጪ፤ ከዚያ ዝም በይ። ዝም ካልሽ ሁሉ ደህና ነው ማለት ነው። ዝምታሽ ለአብራሪው ትራሱ ነው። ዘወትር በሠርክ ጸሎት 'አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር' የምንለው ለዚህ ነው።"

"ለዚህ ነው?" አለች ኤልያማ ሳህን እያነሣች። ለማን እንደተናገረች አልገባኝም።

ማርች 11፣ የጾሙ እኩሌታ፣ ረቡዕ

ጧት መስቀሉ በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ቆመ። ከዚያ ወደ ሙከራው።

አልሆነም። አሁን መጻፍ አልችልም።

ማታ። ልሞክር። ሁለቱ እስከ መጨረሻው ግሩም ነበሩ። አራቱም ድሮኖች በየቦታቸው። ከዚያ ጠላት ግንኙነት አወከ፤ ሪንሲ የጠፋውን ሁለተኛ ድሮን ለመመለስ ትታገል ጀመር። በዚያው ቅጽበት አራተኛው ከምሥራቅ የሚመጣ ነገር አይቶ ለመተኮስ ፈቃድ ጠየቀ። ናይዱ "አራተኛው ይተኩስ?" አለ። እርስዋ ዝም። "አለሽ?" አለ። ዝም። ፈቃዱን ሰጠ። የመጣው የራሳችን የነፍስ አድን ሄሊኮፕተር ነበር።

ማስመሰያ ነው፤ የሞተ የለም፤ ስክሪኑ ብቻ ቀላ። 

ሳንጓን አልሳቀም። ይስቃል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር።

ማርች 12፣ ሐሙስ

የድምፅ ቅጂው በጉባኤው ፊት ተሰማ። ዶክተር ሱሚትራ ሪንሲን፣ "ጥያቄውን ሰምተሽ ነበር?" አለቻት።

"ሰምቻለሁ፣ ማዳም።"

"ታዲያ?"

"የሚመጣው ማን እንደሆነ ገና እያጣራሁ ነበር። ሳላውቅ መናገር አልፈለግሁም።"

"እኔ ደግሞ" አለ ናይዱ አንገቱን ደፍቶ፣ "ዝም ስትል ተስማምታለች አልሁ። ዝምታዬ 'ደህና ነው' ማለት ነው ብላኝ ነበር።"

"እንዲህ የሚል ትምህርት የት ነው ያለው?" ብላ ጠየቀች ዶክተሯ። ሪንሲ ወደ እኔ አላየችም። አለማየትዋን ሁሉም አየ።

ያን ጊዜ ሳንጓን መነጽሩን አወለቀ። "እኔ ይህን ትምህርት አውቀዋለሁ" አለ፤ ድምፁ ቀልድ አልነበረበትም። "ከሂማላያ አብሬው ወጥቻለሁ። ጭሱ ሲሞላ ከኋላዬ አንድ አቅጣጫ ተነገረኝ። ከዚያ ምንም። 'ፓድሬ፣ አለህ?' አልሁ። ምንም። ደጋግሜ ጠራሁ። ጭሱ ገድሎታል አልሁ። ሬሳ ይዤ ነው የምበርረው አልሁ። እናቱን ምን ብዬ እንደማረዳት እያሰብሁ ነው ያሳረፍሁት። ከዚያ ጌታው ከኋላ ወረደና ቆቡን አስተካከለ! በቡጢ ልለው ነበር። በኋላ ግን ቆሜ አለቀስሁ፤ እሱ አላየም፤ ካርታውን እያጠፈ ነበር።"

ወደ እኔ ዞረ። "አንድ መቀመጫ የምለው ለዚህ ነው። ባዶ ወንበር አይጠየቅም። ሰው እያለበት የማይመልስ ወንበር ግን ያሳብዳል።"

ጉባኤው ተበተነ።

ማርች 13፣ ዓርብ

ያጋንናል። ምናልባት መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ሲጠራኝ ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜም ሊሆን ይችላል። ነፋሱን እያሰላሁ ነበር። መልሱ ምን ይጠቅመው ነበር? ጄቱ ቀጥ ብሎ እየሄደ ነው፤ አቅጣጫው ትክክል ነው። መኖሬን ከዚህ ሊያውቅ ይገባው ነበር።

በእራቱ ላይ "ብቻዬን" ማለቱ አሁንም ስድብ ነው።

ማርች 15፣ የጎባጣዋ ሴት እሑድ

ከቅዳሴ ስንመለስ ለኤልያማ ነገርኋት፤ እንድትፈርድልኝ።

"ጠርቶሃል?"

"ጠርቶኛል ይላል።"

"አቻያን" አለች፤ በእኛ ዘንድ ሚስት ባልዋን እንዲህ ትጠራለች፤ "ሰምተሃል ወይ?"

"ሥራ ላይ ነበርሁ።"

በረንዳው ላይ ቆማ ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አኖረች፤ ከዚያ፣ "ምስኪን!" አለች።

"ማን ነው ምስኪኑ?"

"ሰውዬው ነዋ! እሱ አንድ ቀን ነው። እኔ ከሠርጌ ጀምሮ የፊት ወንበር ላይ ነኝ። ከማዕድ ቤት ስጠራህ በሕይወት መኖርህን የማውቀው ገጽ ስትገልጥ በሚሰማው ድምፅ ነው።"

ለእርስዋ ይህ ቀልድ ነው። ሴት በጾም ወራት ምላስዋን ልትጠብቅ ይገባል። ይህን ሳልናገራት ቀረሁ።

ማርች 20፣ ዓርብ

ሪንሲ ካለችበት የአየር ሰፈር ደወለች። አለቆችዋ ከወዲሁ ለብረት ሳጥኑ ሥልጠና ስሟን እንዳስገቡት ነገረችኝ። "አፓቻን፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ነው ያደረግሁት" አለች። ቁጣ አልነበረባትም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። የምመልሰውን ስመርጥ መስመሩ የተበላሸ መስሏት ዘጋች።

ማርች 27፣ ዓርብ፣ የጾሙ አርባኛ ቀን

በሠርክ ጸሎት ሁለቱን መዝሙሮች እንደ ልማዴ በቃሌ ደገምሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ማቋረጥ ደግሜአቸዋለሁ፤ መምህሬ በቤተ ክርስቲያናችን ጥንታዊ ቋንቋ በሱርስጥ አስጠንቶኛል። የመጀመሪያው "አቤቱ፥ ለአፌ ጠባቂ አኑር" ይላል። ሁለተኛው፣ ወዲያው ተከትሎ፣ "ወደ ቀኝ ተመለከትሁ፥ አየሁም፥ የሚያውቀኝም አጣሁ፤ ስለ ነፍሴም የሚመራመር የለም" ይላል።

አባቶች እነዚህን ሁለቱን ለምን ጎን ለጎን እንዳስቀመጡአቸው እስከ ዛሬ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬም ለመጠየቅ ደክሞኛል።

ለመጨረሻው ስብሰባ ረጅም ንግግር አዘጋጅቻለሁ። የሳንጓንን ነጥቦች አንድ በአንድ የሚያፈርስ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ከባድ ነው፤ ከጥቂት ቦታ በቀር እውነት ነው።

ማርች 31፣ የሕማማት ማክሰኞ

ተፈጸመ፤ እኔ ባሰብሁት መንገድ ግን አይደለም።

ዶክተር ሱሚትራ ረቂቁን አነበበች፦ አንድ መቀመጫ፤ የኋላ ሰዎች ወደ መሬት ይዛወሩ። ንግግሬን ይዤ ልነሣ ስል ሳንጓን እጁን አወጣ።

"እኔ ሐሳቤን ቀይሬአለሁ" አለ።

"ማርሻል፣ አንድ መቀመጫ ያሉት እርስዎ አይደሉም?"

"ነኝ። የናይዱን ድምፅ ቅጂ ወስጄ ሳምንቱን ሙሉ ስሰማው ሰነበትሁ። 'አለሽ?' ሲል እኔን ነው የሰማሁት። ያ ልጅ ብቻውን በተፈተነ ጊዜ ማንንም አልጠራም፤ ሦስተኛውን ድሮን የረሳው ለዚህ ነው፤ የሚያስታውሰው አልነበረውም። ከሰው ጋር ሲሆን ጠራ። ጥሪው ትክክል ነው። የጎደለው መልሱ ነው። ስለዚህ ሁለት ወንበር። ግን ማሽኑ ዝምታን እንደ ፈቃድ አይቀበል። የሁለተኛው ሰው ድምፅ ካልተሰማ አንድም ድሮን እንዳይተኩስ አድርጋችሁ ሥሩት። ጊዜ ይበላል፤ ይብላ። ፓድሬ በጉባኤው መክፈቻ ያለው ልክ ነበር፤ ሰሎሞን ያለው ማለቴ ነው።"

ማንም አልሳቀም።

የለመንሁት ሁሉ ተሰጠኝ፤ በጠላቴ እጅ፣ በእኔው ጥፋት ላይ ተመሥርቶ። ንግግሬ ጉልበቴ ላይ ነበረ። የሚያፈርሰው ነገር አልነበረም።

"ፑኑስ ሰር፣ እርስዎስ?" አለችኝ ዶክተሯ በስሜ ጠርታ።

ራሴን ነቀነቅሁ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ቅጂ ላይ ነን። በድምፅ።"

ሳንጓን ጣሪያውን ያይ ነበር።

"እስማማለሁ" አልሁ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

ስወጣ ከደረጃው ራስ ጠበቀኝ። "ሪንሲን ወደ መቀመጫዋ መልሳት፤ መጮህ ግን አስተምራት" አለኝ። "ከእርስዎ ምክር አልጠየቅሁም" ብዬ አለፍሁ። ከኋላዬ፣ "ይሄውና ተናገረ!" ሲል ሰማሁት።

ኤፕሪል 3፣ ዓርብ፣ ስቅለት

ስግደቱ ሲያበቃ መራራው መጠጥ ተሰጠን። አባታችን ኢሳክ ጽዋውን ሲያቀብሉኝ፣ "በጾሙ መግቢያ የጀመርኸውን ጨረስኸው?" አሉ። ስለ ስግደቱ እንደሆነ ቆጥሬ "አዎን" አልኋቸው። በኋላ ግን ሌላውን ሁሉ እንዲህ ሲጠይቁ አለመስማቴን አስተዋልሁ።

የዛሬው ከወትሮው ይመር ነበር።

ለሪንሲ ደወልሁ። ሥልጠናው ተሰርዞላታል። "ሲጠሩሽ መልሽ" አልኋት፤ "ባታውቂ እንኳ 'አለሁ፤ አላወቅሁም፤ ቆይ' በይ።" ከዚያ ዝምታ ሆነ። "አለሽ?" አልሁ።

"አለሁ፣ አፓቻን። እያለቀስሁ ነው እንጂ አለሁ።"

ኤፕሪል 5፣ ትንሣኤ

ክርስቶስ ተነሥቷል፤ በእውነት ተነሥቷል። ከሌሊቱ ቅዳሴ ተመልሰን ኤልያማ የዳክዬ ወጥና የሩዝ ቂጣ ልታቀርብ ወደ ማዕድ ቤት ገባች። እኔ ዳዊቴን ይዤ ተቀመጥሁ።

ስልኩ ጮኸ።

ኤልያማን ጠበቅኋት። አልወጣችም። ክዳን ሲጋጭ ይሰማኛል፤ በእጅዋ ምንም ሥራ እንዳልነበረ አሁን አውቄአለሁ። ስልኩ ጮኾ ጮኾ አቆመ። ሰውዬው አሁንም አልወደደኝም፤ እኔም አልወደድሁትም፤ በአደባባይ ያዋረደኝን አልረሳሁም። ይህን እያሰብሁ ሳለ እንደ ገና ጮኸ።

አነሣሁት። ቃል ግን አልወጣኝም።

በሌላው ጫፍ ትንፋሽ ይሰማል፤ የሽማግሌ ትንፋሽ ነው። ከዚያ፣ ቀልድ በሌለበት፣ ያን ጊዜ በጭሱ ውስጥ በጠራኝ በዚያው ድምፅ፣

"ፓድሬ፣ አለህ?"

በደንብ አስታወስሁት። የጠራኝ አንድ ጊዜ አልነበረም፤ ሁለት ጊዜም አልነበረም።

"አለሁ፣ ቪክራንት" አልሁ። "አለሁ።"

ይህን ደብተር ከእኔ በኋላ የምትገልጠው ሆይ፣ ትንሣኤውን የገለጠ አምላክ ቤትህን ከክፉ ይሰውር፤ ከማዕድ ቤትህ የሚጠራህን ድምፅ አያጥፋብህ፤ ለሚጠራህም ሁሉ የምትመልስበትን አንደበት ይስጥህ። አሜን።